በቀትር ለምን እንመጣለን? ስለ ዋና ገንዳና ስለ ዙሪያው ድንጋይ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይደጋገምብናል። «ገንዳ ስንት ያወጣል ብለን ስንደውል ዋጋ አትነግሩንም። ይልቅ በቀትር መጥተን ግቢውን እንይ ትላላችሁ። ለምን?» እውነታችሁን ነው። ድሬዳዋ ላይ 7 ሰዓት በር ማንኳኳት ደግ ነገር እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን፤ የዚሁ አገር ልጆች ነን። ስለዚህ ምክንያታችንን በጽሑፍ ብናስረዳ ይሻላል ብለን ነው።

ነገሩ የመጣው ከራሳችን ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ ገንዳ ሠራን። ዙሪያውን ጥቁር ድንጋይ አነጠፍንበት። ሰማያዊ ውሃ በጥቁር ዳር ወረቀት ላይ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ርክክቡንም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አደረግን፤ ሁሉም ተደሰተ። ግንቦት ሲገባ የቤቱ እመቤት ደወሉ። «እስቲ አሁን ኑና ጫማችሁን አውልቃችሁ ቁሙበት» አሉን። ሄድን፣ አወለቅን። ሦስት እርምጃ እንኳ አልቻልንም። ልጆቹ ከውሃ ሲወጡ እግራቸው እየተቃጠለ ወደ በረንዳው ይሮጡ ነበር። በእርጥብ እግር ድንጋይ ላይ መሮጥ ደግሞ የት እንደሚያደርስ ታውቁታላችሁ። ንጣፉን በራሳችን ወጪ አንስተን ነጣ ባለ የኖራ ድንጋይ ተካነው። ኪሳራው እስካሁን ትዝ ይለናል።

ከዚያ ወዲህ የድንጋይ ናሙናዎቹን ይዘን እንመጣለን። ፀሐይ ላይ እናስቀምጣቸዋለን፣ ቡናችሁን ካፈላችሁልን እየጠጣን እንጠብቃለን፣ ከዚያ ባለቤቱ ራሱ በባዶ እግሩ ይረግጣቸዋል። ካታሎግ ይህን አይነግርም።

ጥቁሩን ድንጋይ ግን አናጥላላም። ጠንካራ ነው፣ የገንዳ ኬሚካልም ብዙ አይጎዳውም። ዛፍ ወይም ዳስ ጥላ በሚጥልበት በኩል ዛሬም እናነጥፈዋለን። ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ እንደ ጥቁሩ አይግልም፣ ከተማችንም በዚህ ድንጋይ ሀብታም ናት፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠላቱ አሲድ ነው። ውሃውን ለማስተካከል የምትጨምሩት አሲድ ዳሩ ላይ ከፈሰሰ ድንጋዩን ይበላዋል፣ ጠባሳውም አይጠፋም። የተወለወለ እብነ በረድ ለሚመርጡ ደንበኞች ግን መልሳችን አጭር ነው፦ ሳሎን ውስጥ ይሁን። ለገንዳ ዳር ፊቱ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የተወቀረ ብቻ እንጠቀማለን። እግር የሚይዘው እሱ ነው።

ንጣፉ ደግሞ ማዘንበል አለበት፤ ግን ወደ ገንዳው ሳይሆን ከገንዳው ወደ ውጭ። በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በገንዳው አርማታና በንጣፉ መካከል ደግሞ ጣት የሚያህል ክፍተት ትተን በሚለጠጥ ማሸጊያ እንሞላዋለን። አንዳንድ ደንበኛ «ይህን ስንጥቅ በሲሚንቶ ድፈኑልኝ» ይለናል። አንደፍንም። ድንጋዩ ቀን ይሰፋል፣ ማታ ይሰበሰባል። መፈናፈኛ ካጣ ገንዳውን ይገፋና ከላይ ያለውን ሴራሚክ ይሰነጥቀዋል።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። በእኛ አገር ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 4፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.4 ሜትር የሆነ ገንዳ ወደ 45,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ አራት ጊዜ ተኩል ማለት ነው። ይህ አንድ ጊዜ ነው፣ ይቻላል። ሰው የሚረሳው በየቀኑ የሚተነውን ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ከአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲተን አንድ ሊትር ሄደ ማለት ነው። በደረቅና ነፋሻማ ቀን 6 ሚሊ ሜትር ቢወርድ፣ ከ32 ካሬ ሜትር ላይ 192 ሊትር ሄደ። ደንበኛ «ገንዳው ያፈሳል» ብሎ ሲደውል አንዳንዴ የሚያፈሰው ፀሐዩ ነው። ለማጣራት አንድ ባልዲ ውሃ ሞልታችሁ ገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጡ። በማግስቱ ባልዲውና ገንዳው እኩል ከቀነሱ ገንዳው ደህና ነው። ገንዳው ከባልዲው የበለጠ ከቀነሰ ጥሩን።

የድሬን ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያችሁ ያውቀዋል። ውስጡ የሚጋገረው ነጭ ነገር ገንዳ ላይም ይመጣል። ውሃው ይተናል፣ ኖራው ይቀራል፣ እናንተ እንደገና ትሞላላችሁ፣ ኖራው ይደራረባል። ለዚህ ነው በውሃው ጠርዝ ላይ ጥቁር ሴራሚክ የማንመክረው፤ ነጩ መስመር ከሩቅ ይታያል። ፒኤቹን፣ ማለት የውሃውን የአሲድነት ልክ፣ ከ7.2 እስከ 7.6 ባለው ማቆየት፣ ሳትዋኙ ደግሞ ገንዳውን መሸፈን ብዙ ያቃልላል። ሽፋኑ ለክሎሪኑም ይጠቅማል፤ ፀሐይ ክሎሪን ትበላለች።

ሐረር ላሉ ደንበኞቻችን ለየት ያለ ቃል አለን። እናንተ ጋ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ውሃው ደግሞ ውድ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ወደ ከተማችሁ ከሚመጣው ውሃ ብዙው ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ዳገት ወጥቶ ነው። ስለዚህ አነስ ያለ ገንዳና ሰፋ ያለ ንጣፍ እንመክራለን። ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ዳር ላይ ነው፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ። በርጫውም ቡናውም እዚያው ነው።

ግቢያችሁ ውስጥ ትልቅ የድሬዳዋ ዛፍ ካለ ቀድማችሁ ንገሩን። ሲያብብ ዓይን ያጠግባል። ሥሩ ግን ከላይ ከላይ የሚሄድ ነው፣ ንጣፍ ያነሳል፤ አበባውና ቅጠሉም ፊልተር ይደፍናል። ቁረጡት አንልም። ገንዳውን እናርቃለን።

ደቻቱ ወይም ሌላ የአሸዋ ወንዝ አጠገብ ለምትኖሩ፣ ከቁፋሮ በፊት የጎርፉን መንገድ እናያለን። የ1998 ዓ.ም. የሐምሌ መጨረሻው የጎርፍ ሌሊት ለማናችንም አይረሳም። ዝናቡ ደጋው ላይ ይጥላል፣ ጎርፉ ግን እኛ ጋ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እንቢ ያልንባቸው ሥራዎች አሉ፣ ወደፊትም እንላለን። ከመሬት በታች ውሃ ከፍ በሚልበት ቦታ ደግሞ ገንዳችሁን ሳታማክሩን አታድርቁት። ባዶ ገንዳ እንደ ጀልባ ከታች ተገፍቶ ሊነሳ ይችላል።

አጥር ላይ አንከራከርም። ሕፃን ያለበት ቤት፣ የጎረቤት ሕፃን የሚገባበትም ቤት፣ ቢያንስ 1.2 ሜትር አጥርና ራሱ የሚዘጋ በር ይኖረዋል። ዋጋው ከመጀመሪያው ሂሳብ ውስጥ ይገባል።

አርማታው ከተሞላ በኋላ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ እናጠጣዋለን። «ሠራተኛ የለም፣ ሥራ ቆመ» ብላችሁ አትደውሉ፤ በዚህ ፀሐይ ትልቁ ሥራ ያ ነው።

ስንመጣ የሴፕቲክ ታንኩንና የውሃ ቱቦውን መስመር የሚያሳየን ሰው ይኑር። የቤቱ ፕላን ካለም አውጡልን። ቀጠሮው 7 ሰዓት ነው፤ እንቅልፋችሁን ስለምናቋርጥ ይቅርታ። ውሻ ካለ እሰሩልን፣ ባዶ እግራችንን ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የገንዳና የድንጋይ ንጣፍ ሠራተኞቻችሁ
ድሬዳዋ