መብራት ሲመለስ ብርዱን አትጨምሩ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጥርት ያለ የበረዶ ብሎክ በብዛት የሚያመርት ሁሉ ከስንጥቅ ጋር መታገሉ አይቀርም። የተሰነጠቀ ብሎክ ቶሎ ይቀልጣል፤ በመጋዝ ሲቆረጥም ባልታሰበ ቦታ ይከፈላል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በማሽኑ ይሳበባል። እኛ ግን ከሁሉ በላይ ችኮላን፣ በተለይም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣውን ችኮላ እንወቅሳለን። ጅማ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ልብ ይበል።

136 ኪሎ የሚይዘውን፣ አፉ 28 በ56 ሴንቲ ሜትር የሆነውን የተለመደ የብረት ቅርጽ እንውሰድ። ዙሪያው ያለው ጨው ውሃ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሲሆን ብሎኩ እስኪረጋ ወደ 50 ሰዓት ይፈጃል። ከዜሮ በታች 15 ቢደረግ 31 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የባከነውን ሰዓት ለማካካስ ብርዱ ሲጨመር የውጭው በረዶ ክፉኛ ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ መሀሉ ግን ገና ዜሮ ላይ ነው። ሽፋኑ ልኰማተር ሲል ውስጡ አላስኬድ ስለሚለው ይተረተራል። ስለዚህ ከዜሮ በታች ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ላይ መጽናት ነው። 12 ከደረሰ አደጋ አለ።

ጄኔሬተሩ አነስተኛ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ብርዱን ለሚያመርተው ኮምፕረሰር ሳይሆን በሚረጋው ውሃ ውስጥ አየር ለሚነፋው መንፊያ ነው። የጨው ውሃው ገንዳ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይዞ ስለሚቆይ ውሃው መርጋቱን አያቆምም። በመሀል ቱቦ የሚገባው አየር ግን ከቆመ አረፋውና ማዕድኑ በረዶው ላይ ተጣብቀው ነጭ ቀለበት ይሠራሉ። መንፊያው የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ነው። አየሩ ዘይት እንዳያመጣ ማጣሪያ ይኑረው፤ በረዶው ሰው ብርጭቆ ውስጥ የሚገባ ነውና።

መሀሉ እየጠበበ ሲሄድ የቀረው ውሃ የማዕድን ጥርቅም ይሆናል። ይህንን መጥጦ አውጥቶ በንጹሕ ውሃ መተካት የግድ ነው። ብዙዎች የሚስቱት መተኪያውን ነው፦ ከቧንቧ የመጣ 20 ዲግሪ ውሃ በቀጥታ ከተጨመረ በረዶው ከውስጥ ጀምሮ “ጠሽ” ብሎ ይሰነጠቃል። ቀድሞ ወደ 1 ወይም 2 ዲግሪ ይቀዝቅዝ። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ቅርጹ እስከ አፉ አይሞላ፤ ላዩም ቀድሞ ከተዘጋ ውስጡ የታሰረው ውሃ ብሎኩን ይሰነጥቀዋል።

ውሃውን ሁለት ጊዜ ማፍላት ጥርት ያደርጋል የሚባለው ለቤት እንጂ ለፋብሪካ አይሆንም። አንድ ቅርጽ የሚሞላ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንድ ጊዜ ለማፍላት ብቻ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። ደህና ማሽን ያንኑ ውሃ ለማርጋት የሚፈጀው የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ያ ገንዘብ ለውሃ ማጣሪያ ቢውል ይሻላል፤ በተለይ ክረምት ላይ።

ብዙ ደህና ብሎክ የሚበላሸው ሲወጣ ነው። ቅርጹ ከጨው ውሃው እንደወጣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ መንከር መስታወትን ከፍሪዘር አውጥቶ ሙቅ ውሃ እንደማፍሰስ ነው። ጨዉ ከላዩ ይጠረግና ብርዱ እስኪቀንስ ቅርጹ ቆሞ ይቆይ። መድረሱን ለማወቅ ጥቂት የቧንቧ ውሃ ጎኑ ላይ ጠብ አድርጉ። ወዲያው ረግቶ ከተጣበቀ ገና ነው፤ ሳይረጋ ወደ ታች ከፈሰሰ ይነከር። መንከሪያው ከ20 ዲግሪ አይበልጥ፤ ብሎኩ ሲላቀቅም ወዲያው ይውጣ።

ለመጓጓዣ የቡና ጆንያ ጥሩ መጠቅለያ ነው፤ ሽታው እንዳይገባበት ግን በመጀመሪያ በንጹሕ ላስቲክ ይሸፈን።

የበረዶ ማምረቻ ባለሙያዎች
ጅማ