መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ ካላችሁ ልጆቻችን ይፈልጉታል

የድሬ ልጆች፣ እዚሁ ያላችሁም በውጭ የምትኖሩም፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

መጋላ በኩል ያለው ዕድራችን ድንኳንና ወንበር ከሚያስቀምጥበት መጋዘን ግማሹን ለሰፈሩ ልጆች ለቆልናል። ሦስት ያገለገሉ ላፕቶፖች አስገብተናል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መልስ እየመጡ ጨዋታ ይሠራሉ፣ ድምፅ ይቀዳሉ፣ ፎቶ ያቀናብራሉ። ግን አንድ ላፕቶፕ ላይ አምስት ልጅ ይደረደራል፤ ተራ ሳይደርሰው የሚመለሰውም ብዙ ነው።

«ስልክ ላይ ተጥደው መዋላቸው አንሶ ኮምፒውተር ልትጨምሩላቸው ነው?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ስጋታቸው ይገባናል። ሆኖም የሰው ቪዲዮ ሲያዩ መዋልና የራስን ጨዋታ መሥራት ለየቅል ናቸው።

አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በስክራች የሠራችውን እንንገራችሁ። ስክራች እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. የወጣ ነጻ ፕሮግራም ነው። ልጆች ባለቀለም ትእዛዞችን እየገጣጠሙ ጨዋታና ተረት ይሠሩበታል፤ ትእዛዞቹ በአማርኛም አሉ፣ አንዴ ከተጫነ ደግሞ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ድመት የከተማችንን የደቻቱን ወንዝ ልታሻግራት ፈለገች። ጎርፉ ከግራ ይመጣል፤ ድመቷን ከነካት ጨዋታው ያበቃል። ጎርፉ ግን ከስክሪኑ መሐል እየተነሳ አስቸገራት። ብዙ ከሞካከረች በኋላ መሐሉ ዜሮ፣ የግራው ጫፍ ደግሞ ነጌቲቭ 240 መሆኑን ደረሰችበት። ክፍል ውስጥ አልገባ ያላትን የነጌቲቭ ቁጥር ያን ዕለት አጠገቧ ላለው ልጅ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ታስረዳው ነበር።

ጨዋታውን ያዩ አንድ አባት የ1998ቱን ጎርፍ ይተርኩላቸው ጀመር። ከልጆቹ አንዱም ያኔ አልተወለደም። ወዲያው ስልክ አውጥተው ቀዷቸው፤ አሁን ድምፁን ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እየቆረጡ እያስተካከሉ ነው። ቀጥሎ የሚፈልጉት የምድር ባቡር ጡረተኞችን መቅዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደርሶ ከተማችንን ያስቆረቆረውን ባቡር ሲጠግኑና ሲነዱ የኖሩ አባቶች በሕይወት ሳሉልን ቢቀዳ እንዴት ደስ ይለናል! ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም።

ስለዚህ በዋናነት ላፕቶፕ እንለምናለን። ቢያረጅም ግድ የለም፤ 4 ጊጋ ራም ካለው ይበቃናል። ቻርጀሩን አትርሱ እንጂ፤ ያለ ቻርጀር የመጣ ላፕቶፕ ለኛ ሌላ ወጪ ነው። ካሜራው የሚሠራ ስልክም ስክሪኑ ቢሰነጠቅ እንቀበላለን። ኢርፎን፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ፣ እንዲሁም ቬንትሌተር ያስፈልገናል፤ የመጋዘኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ የግንቦትን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኮምፒውተር የምትጠግኑ ወይም ቪዲዮ የምታቀናብሩ ወንድም እህቶች፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብትሰጡን ከገንዘብ አይተናነስም።

በገንዘብ መርዳት ለምትፈልጉ ሂሳቡ በዕድሩ ስም ነው፤ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይወጣም። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጣል፣ የወሩ ወጪም በሩ ላይ ይለጠፋል። ውጭ ያላችሁ ወደ ድሬ ለዕረፍት በሚመጣ ዘመድ እጅ ዕቃውን ብትልኩ ይደርሰናል።

ላፕቶፑን ከመስጠታችሁ በፊት የግል ፎቶና ፋይላችሁን አጥፉ። ካልቻላችሁ ይዛችሁት ኑ፣ ዓይናችሁ እያየ እናጠፋዋለን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ በዕድሩ ጽሕፈት ቤት ሰው አለ።