ቀን ብቻውን አያዋጣም

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፤

ስለ ድሮ የቤተሰብ ወረቀቶች ባወጣችሁት ጽሑፍ «ደብዳቤዎቹን በቀን ደርድሩ» የሚለው ምክር ሁልጊዜ አይሠራም። አሜሪካዊውን የፕሪስቢቴሪያን ሰባኪ ላይማን ቢቸርን (እ.ኤ.አ. 1775–1863) እንውሰድ። ልጆቹ በየከተማው ስለተበተኑ አንዱን ወረቀት እየተቀባበሉ ይጽፉበት ነበር፤ አንዱ ጥቂት መስመር ጨምሮ ለሚቀጥለው ይልካል። እንዲህ ያለው ወረቀት ቀኑ ብዙ፣ የእጅ ጽሕፈቱም ብዙ ነው። ፎልደሩ ላይ የመጀመሪያውን ቀን በእርሳስ ጻፉ፤ የቀሩትን ጸሐፊዎችና ቀኖች በዝርዝሩ አስገቡ። ቆርጦ መለያየትማ አይታሰብም!

እስከ እ.ኤ.አ. 1845 የአሜሪካ ፖስታ የሚያስከፍለው በርቀትና በወረቀቱ ብዛት ነበር። ማሸጊያውም እንደ አንድ ወረቀት ስለሚቆጠር ደብዳቤውን ራሱን አጥፈው በሰም ያሽጉታል፣ አድራሻውን በውጭ በኩል ይጽፋሉ። ሲከፈት ሰሙ የወረቀት ቁራጭ ይዞ ይነሳል። ከአረፍተ ነገሩ መሀል የጎደለው ቃል ብዙ ጊዜ እዚያው ሰሙ ላይ ተጣብቆ ይገኛልና ሰሙን ፍቃችሁ አትጣሉ።

የዚያ ዘመን ቀለም ከብረት ጨውና ከኦክ ዛፍ እጢ የሚሠራ ነው፤ ቡናማ እየሆነ ይሄድና እርጥበት ሲያገኝ ወረቀቱን ይበላዋል። ስለዚህ እጥፋቱን ለማለስለስ ውሃ መርጨት ክልክል ነው። ስኮችና ላሚኔሽን ደግሞ ከዚያ አይሻሉም። የዛገ ስፒል ካለ ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ አሲድ የሌለው ፎልደር ውስጥ፣ ከ35 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል አስቀምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤተ መዛግብት ሠራተኞች