ስለ ሞተር ሆም መቀመጫና ስለ ልጆች ቁጥር ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከአገር ቤት የመጡ አንዲት እናት ከልጆቻቸውና ከአራት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ወደ ግራንድ ካንየን ሊሄዱ ሻንጣ ጭነው ከጨረሱ በኋላ፣ ከሕፃናቱ ሁለቱ በሞተር ሆሙ (አልጋና የምግብ ጠረጴዛ ባለው የጉዞ መኪና) መሳፈር አይችሉም በማለታችን ጉዞው መቅረቱን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ቀብዱን ስንቀበል መናገር ሲገባን በመነሻው ሰዓት መናገራችን ጥፋታችን ስለሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ቀብዱንም በሙሉ መልሰናል። ውሳኔው ግን አይለወጥም።

መኪናው ስምንት ሰው ያስተኛል ማለታችን እውነት ነው፤ ከጋቢናው በላይ ያለው አልጋ፣ የኋላው አልጋ፣ ሶፋውና ወደ አልጋ የሚለወጠው የምግብ ጠረጴዛ ለስምንት ይበቃሉ። ይህ ግን መኪናው ሲቆም ነው። በጉዞ ላይ የሕፃን መቀመጫ ፊቱን ወደ ጎን ባዞረው ሶፋ ላይ እንዳይታሰር የመቀመጫው አምራቾች ራሳቸው ይከለክላሉ፤ በዚያ መኪና ውስጥ ደግሞ ከጋቢናው በስተኋላ ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞሩ ወንበሮች ሁለት ብቻ ናቸው።

በዚህ ነገር የምጨክነው ያለ ምክንያት አይደለም። በላስ ቬጋስ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቼ ባጠራቀምኩት ገንዘብ የመጀመሪያዋን አሮጌ ሞተር ሆም ስገዛ፣ ሐሳቤ ኪራይ ሳይሆን የልጅ ልጆቼን ወስጄ ዛየን ፓርክን ማሳየት ነበር። ስንመለስ፣ አመሻሽ ላይ፣ አጋዘን መንገዱን ሲያቋርጥ ፍሬን ያዝኩ። ባለቤቴ በነጠላ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው ጀበና ተወርውሮ መጥቶ ከወንበሬ ሥር ተሰባበረ፤ ኋላ አልጋው ላይ ተኝታ የነበረችውን የ5 ዓመት የልጅ ልጄን ደግሞ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ግንባሯ ከማበጡ በቀር ደኅና ነበረች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ውሳኔያችን «ሁለት መኪና ለማከራየት የተዘየደ ነው» መባሉ በእጅጉ አሳዝኖናል። ደንበኛ ያሳጣናል እንጂ ገንዘብ አያመጣልንም። ኢንሹራንሱ በየዓመቱ እየጨመረ፣ የአንዱ መኪና ስድስት ጎማ መቀየሪያ የብዙ ቀን ኪራይ እየበላ፣ የቀን ኪራዩን ለሁለት ዓመት ያልነካነው፣ በአንድ ጋሎን 10 ማይል ያህል ብቻ የሚሄድ መኪና ይዛችሁ ግራንድ ካንየን ለመድረስ 280 ማይል ገደማ ስትነዱ የነዳጁ ወጪ እንዴት እንደሚከብዳችሁ ስለምናውቅ ነው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ላላችሁም ለብሔራዊ ፓርኮች ነፃ መግቢያ እንዳለ ሳንነግር የሸኘነው ቤተሰብ የለም።

ከእንግዲህ ቀብድ ከመቀበላችን በፊት የልጆቹን ቁጥር፣ ዕድሜና ክብደት እንጠይቃለን። ሕፃናቱ ከበዙ ከወላጆቹ አንዱ የቀሩትን በራሱ የግል መኪና ይዞ ቢከተል፣ ማታ ሁሉም አንድ ላይ ማደር ይችላሉ፤ ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ቅር ተሰኝተው የቀሩት እናታችን ወደ አገር ቤት ከመመለሳቸው በፊት በሚመቻቸው ቀን መኪናውን እናዘጋጃለን፤ ቤተሰቡም ስንደውል ስልኩን እንዲያነሣልን በትሕትና እንለምናለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት