የሥነ ምግብ አማካሪ በክትትል ክፍሎች ይመደብ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ስኳር በሽታና ስለ ደም ግፊት መበራከት በየጊዜው የምታወጧቸውን ጽሑፎች በትኩረት እከታተላለሁ። ስለ ምርመራና ስለ መድኃኒት በቂ መረጃ ቢሰጡም፣ ታማሚው ቤቱ ገብቶ ገበታ ላይ ሲቀርብ ምን፣ ምን ያህልና በስንት ሰዓት ይብላ የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢው ቦታ የተሰጠው አይመስለኝም።

በሰሜን ሸዋ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም የስኳር ክትትል የምታደርግ አክስቴ ለረጅም ጊዜ የተሰጣት ምክር «ጣፋጭ ተይ፣ እንጀራ ቀንሺ» የሚል ብቻ ነበር። ሐኪሞቹን አልወቅስም፤ በር ላይ የሚኮለኮለውን ወረፋ ያየ ሰው ከዚያ በላይ ጊዜ እንዲሰጡ አይጠብቅም። እርሷ ግን ጎተራዋ ገብስ ሞልቶ ሳለ የታሸገ አጃ ከደብረ ብርሃን በውድ ዋጋ ታስገዛ ጀመር፤ በሶ ለስኳር ይስማማል ሲባል ሰምታም ጠዋት ጠዋት እርሱኑ በስኳር በጥብጣ ትጠጣ ነበር።

በኋላ ያገኘቻት የሥነ ምግብ ባለሙያ ወደ መከልከል አልቸኮለችም። አስቀድማ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የቀመሰችውን ሁሉ፣ ሻዩን ሳይቀር፣ አንድ በአንድ አስቆጠረቻት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል በመሆኑ፣ በብርዳማው አካባቢያችን እንደተለመደው በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ስኳር ይወስዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። ቀጥሎ ወደ ገብሱ መጡ። በገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ ፋይበር ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ስለሚያዘገይ፣ ከደቀቀው በሶ ይልቅ ቂንጬው እንደሚሻል፣ ለአጃ የምታወጣውም ገንዘብ አላስፈላጊ እንደሆነ አስረዳቻት። በመጨረሻም ጠረጴዛዋ ላይ ከነበረው ወረቀት አንዱን አራት አጥፋ ዘረጋችውና፣ ሩቡ እንጀራ፣ ሩቡ ምስር ወይም ባቄላ፣ ግማሹ ጎመንና ሌላ አትክልት መሆኑን በጣቷ እየጠቆመች አሳየቻት። ከወራት በኋላ አክስቴ ክኒኗን ሳታቋርጥ ስኳሯ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

የጾም ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ምክር የሚያሻው ይመስለኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ታማሚ ኢንሱሊኑን ወይም አንዳንዱን ክኒን በለመደው ሰዓት ከወሰደ ስኳሩ ከመጠን በላይ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ብዙዎች ይህን ለሐኪማቸው ሳይናገሩ ይጾማሉ፤ አማካሪዋ ግን ራሷ ስለጠየቀች፣ ጉዳዩ ከሐኪሙም ከነፍስ አባትም ጋር ተመክሮበት መላ ተገኝቶለታል። በበኩሌ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በየክትትል ክፍሉ ቢኖር፣ የብዙ ታማሚዎች ምልልስ በቀነሰ ነበር እላለሁ።

አገራችን በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያ አውጥታለች። መመሪያው በመንዝና በአንኮበር ደጋ ገብስና ባቄላ ለሚበላው፣ በሸዋ ሮቢት ቆላም ማሽላ ለሚበላው ሰው በየራሱ እህል የሚያስረዳለት ባለሙያ ይፈልጋል። ስለዚህ የዞኑ ጤና መምሪያ በየሆስፒታሉ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል፣ ቢያንስ በቀጠሮ ቀን፣ አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲመድብ እጠይቃለሁ፤ የሰው ኃይል እስኪሟላም ወረፋ ለሚጠብቁ ታማሚዎች በቡድን ምክር መስጠት ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከሰሜን ሸዋ