የጥናቱ ውጤት ለወላጆችም ይድረስ

ለአዘጋጁ፦

ወላጆች ልጆቻቸውን በዩኒቨርሲቲ ጥናት ለማሳተፍ እንደሚያመነቱ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥፋቱን «በግንዛቤ ማነስ» ላይ መጣሉ አላሳመነኝም። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው የሕፃናት ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን 3,000 ያህል ልጆችን ለዓመታት ተከታትሏል፤ ቤተሰቦች በራቸውን ባይከፍቱ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ሰው የሚሸሸው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ መረጃ ሰብሳቢው የልጁን ቁመትና ክብደት ይለካል፣ ትናንት ምን እንደበላ ይጠይቃል፣ እናቲቱን ያስፈርማል፤ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። በትምህርት ቤትም ርእሰ መምህሩ ቆሞ መጠይቅ ሲታደል «አልሞላም» የሚል ተማሪ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የተማሪዎች ፈቃድ መምህር በሌለበት እንዲጠየቅ፣ ውጤቱም በቤተሰቡ ቋንቋ በአንድ ገጽ ተጽፎ በቀበሌው ስብሰባ እንዲነበብ የማጽደቂያ ቅድመ ሁኔታ ያድርጉት።

አንድ ወላጅ፣ ከባሕር ዳር