ሳልነግራት ለመስቀል እናቴ ደጅ ላደረሳችሁኝ ሁሉ

በቅድሚያ ይህን ቀን ላሳየኝ አምላክ ምስጋና ይግባው። የቀረው ምስጋና የእናንተ ነው። አንዳንዶቻችሁን በስልክ አግኝቻችኋለሁ። አብዛኞቻችሁን ግን በበዓሉ ግርግር በወጉ እንኳ ሳልሰናበታችሁ ተመለስኩ። እሱ እየከነከነኝ ነው ይህን የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ወሬው ላልደረሳችሁ፦ ዘንድሮ ለመስቀል አገር ቤት ገባሁ። እናቴ አታውቅም ነበር። እሷ እምድብር አካባቢ ቁጭ ብላ፣ ልጄ አሜሪካ ሥራ ላይ ነው እያለች ጎመን ትከትፋለች። እኔ ከሚኒባስ ሰፈራችን ጀፎረ ላይ፣ በቤቶቹ መሀል ባለው ሰፊ የሣር መንገድ ላይ፣ እወርዳለሁ። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ስንት ሰው እንደዋሸልኝና እንደተንከራተተልኝ የማውቀው ግን እኔ ነኝ።

ጉራጌ ለሆናችሁ መስቀል ምን እንደሆነ አላስረዳም። ለሌሎቻችሁ ትንሽ ልበል። በዓሉን ዓለም ያውቀዋል፤ በ2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቦታል። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የሚበራው ደመራም በየዓመቱ በቴሌቪዥን ይታያል። እኛ ጋ ግን መስቀል ማለት አገር ቤት መግባት ነው። መርካቶን በመስከረም አጋማሽ ያየ ሰው ያውቃል፣ ስንቱ ሱቅ ተቆልፎ እንደሚከርም። ያለው በመኪናው ይገባል፣ የሌለው ተበድሮ ይገባል። የተጣላ የሚታረቀው፣ ልጅ የሚታጨው፣ የዓመቱ ጉዳይ የሚያልቀው ያኔ ነው። ሁሉም ድርሻ አለው። ወንዱ ስለ በሬው ዓመቱን ሙሉ ያስባል። ሴቶቹ ውጆ አላቸው፤ ቅቤ በየተራ የሚያጠራቅሙበት ማኅበር ነው፣ የቅቤ ዕቁብ በሉት። ልጆች እንጨት ይለቅማሉ። ውጭ አገር ያለ ሰው ድርሻው ዶላር መላክ ነው። እኔም ድርሻዬን በስልክና በሐዋላ ስወጣ ኖሬያለሁ።

እማዬ የበሬውን ብር ትቀበልና «አንተስ?» ትለኛለች። ወረቀቴ እስኪስተካከል መልሴ ያው ነበር፤ ለከርሞ። ከርሞ ሲደርስ ሌላ ከርሞ። በመጨረሻ ወረቀቱ እጄ ሲገባ ለእህቴ ብቻ ነገርኳት። ስለዚህ ምስጋናው ከእሷ ይጀምር።

እህቴ፣ እንዲህ መዋሸት ትችያለሽ ብዬ አላስብም ነበር። «ዘንድሮም ፈቃድ አልሰጡትም፣ ምን ያድርግ፣ ብር ግን ልኳል» እያልሽ እማዬን ስታጽናኚ በስልክ እሰማሽ ነበር። እኔ ራሴ ላምንሽ ምንም አልቀረኝም። ትንሹን ልጅሽን ዝም ማሰኘትሽ ደግሞ የተለየ ችሎታ ነው። ሚስጥር የሰማ ሕፃን ምን እንደሚያደርግ ወላጆች ታውቃላችሁ። አፉን በብስኩት ዘግታ፣ ለአያቱ ስልክ ሲደወል ወደ ሱቅ እየላከች ነው እዚህ ያደረሰችን። ብስኩቱ በእኔ ሒሳብ ነው።

ቨርጂኒያ አብሮኝ ፓርኪንግ የሚሠራው የኤልሳልቫዶር ልጅ ይህን ማንበብ አይችልም። ቢሆንም ስሙ ከዚህ ምስጋና መቅረት የለበትም። የሌሊት ሺፍቴን በሙሉ የሸፈነልኝ እሱ ነው። እሱ ራሱ ወረቀት እየጠበቀ፣ እናቱን በቪዲዮ ብቻ የሚያይ ሰው ነው። ለምን እንደምሄድ ስነግረው ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ስንት ሺፍት እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ። ካሳው ቡና ነው፣ ደርሶታል። እንዴት እንደሚቆላ ግን ገና እያስተማርኩት ነው።

ዳለስ ኤርፖርት ሻንጣዬ ኪሎ አልፎ ጫማውን ከልብሱ እየለየሁ ወለሉ ላይ ስንበረከክ፣ «አምጣ፣ የኔ ክፍት ቦታ አለው» ያሉኝ እናት፣ ስምዎን እንኳ አልጠየቅኩም። የሰው ዕቃ አትያዙ በሚባልበት ዘመን የእናቴን ጫማ ይዘውልኝ መጡ። በልክዋ ነው።

አዲስ አበባ የደበቀኝ ጓደኛዬ አየር ጤና ነው የሚኖረው። እዚያ የሆነው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። እማዬ በቪዲዮ ካላየችኝ አታምንም። እዚህ ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ቨርጂኒያ ገና ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ስለዚህ በደወለች ቁጥር ሌሊት መፍጠር ነበረብን። የጓደኛዬ ባለቤት መስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቀለች፣ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደረበች፣ እኔ ፀጉሬን አንጨባርሬ ከእንቅልፍ የነቃሁ መሰልኩ። ሁሉ ነገር አምሮ እያለ፣ በአጥሩ ሥር የሚያልፈው ሰው ድምፁን ለቀቀው፦ «ቆራሌዮ!»

እማዬ ዝም አለች። «ምንድነው እሱ? እዚያም ቆራሌ አለ?»

ምን ብዬ ልመልስ? የጓደኛዬ ባለቤት እጇን ዘርግታ ስልኩን ጠረቀመችው። በኋላ ደውዬ «ኔትወርክ ነው» አልኩ። ደግነቱ በኔትወርክ ያሳበበን ሰው የሚጠረጥር የለም። የኔ እመቤት፣ ፍጥነትሽ ባይኖር ኖሮ ልፋታችን ሁሉ አየር ጤና ላይ ተበልቶ ነበር። ኤርፖርት የተነሳነውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፈህ፣ እየተሳደብኩ ስደውልልህ ሳትቀየም ያጠፋኸውም ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። ስድቡን መልሼ ወስጃለሁ።

አሁን ወደ ሾፌሩ። በበዓል ሰሞን የአገር ቤት መኪና ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ታሪፍ ወረቀት ላይ ነው፣ ሒሳቡ ሌላ ነው። አንድ የስልጤ ልጅ በታሪፉ ጭኖኝ ሄደ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳያረጋግጥ አልተነሳም። ሰበታን ካለፍን በኋላም ከፊት ላሉት ሾፌሮች እየደወለ፣ ቱሉ ቦሎ እንዴት ነው፣ ወሊሶስ እያለ ነው የነዳው። ለምን ድምፄን አጥፍቼ እንደምገባ ስነግረው ሳቀ። «እኔም ለአረፋ እንደዚህ ነው የምገባው» አለኝ። የእኛ አገር ሙስሊሞች አገር ቤት የሚገቡት ለአረፋ ነው። ያኔም መንገዱ እንደዚሁ ይሞላል፣ መርካቶም እንደዚሁ ይዘጋጋል። እና ነገሩ ወዲያው ገባው። ወልቂጤ ላይ ሰው ሲወርድ አዲስ ተሳፋሪ አልጫነም። «ሰው ካየህ ስልክ ይደወላል» ብሎ ባዶ ወንበር ይዞ በጉብሬ በኩል ነዳው። የቀረበትን ሒሳብ ስሰጠው አልቀበልም አለ። ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። ለአረፋ ደግሞ የኔ ተራ ነው።

ከአስፋልቱ ወጥተን የሰፈራችንን መንገድ ስንይዝ ክረምቱ ገና አልጠገገም ነበር። ጎማው ጭቃ በላ። እንጨት ተሸክመው የሚመለሱ ልጆች እንጨታቸውን ጥለው ገፉን። ልጆች፣ ጭቃው ፊታችሁ ድረስ እንደተረጨ አይቻለሁ። አንድ ብቻ ቅሬታ አለኝ፤ ገፍታችሁ ስታበቁ እየጮኻችሁ ወደ ሰፈር የሮጣችሁት ለምንድነው?

ምክንያቱም ከባዱ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ውጭ የኖርን ሰዎች ሰርፕራይዝ እንወዳለን። ቪዲዮው ያምራል። በእኛ አገር ግን ሳይነገር የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ደግ ወሬ አይዝም። ሰው ሰብሰብ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሳይጠራ ደጅ ከመጣ መርዶ ነው። ልጇ ባሕር ማዶ ያለ እናት ደግሞ ይህን ቀን ስትፈራ ነው የምትኖረው። እህቴ ይህን ቀድማ አስባው ነበር። እማዬ ደም ግፊት አለባት። ስለዚህ የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለምና፣ «የበዓል ምርመራ ነው» አስብላ ጠዋት ግፊቷን አስለክታለች፣ መድኃኒቷን መዋጧንም አረጋግጣለች። የበዓል ምርመራ የሚባል ነገር የለም። አንቺ የኤክስቴንሽን ሠራተኛችን፣ የሌለ ፕሮግራም ስለፈጠርሽልን ከልቤ አመሰግንሻለሁ።

ያም ሆኖ ልጆቹ ሲሮጡ፣ ሚኒባሱ ሲቆም፣ ጎረቤቱ ከየቤቱ ሲወጣ እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየችን። እኔ ከሰው ኋላ ነኝ፣ አልታይም። የያዘችው የሸክላ ጣባ ከእጇ ወደቀ። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ልጄን!» ስትል ሰማሁ።

ጎረቤታችን ጋሼ፣ ያንን ሰዓት እግዚአብሔር ይቁጠርልዎ። እኛ ደርቀን ስንቆም እርስዎ ምርኩዝዎን ወደ ላይ አንስተው በዚያ ዕድሜዎ ሮጡ። «ደስታ ነው! ደስታ ነው! ልጅሽ መጣ!» እያሉ በጉራግኛም በአማርኛም ጮኹ። ሰዉን በምርኩዝዎ ወዲያና ወዲህ ገፍተው እኔን ወደ ፊት አወጡኝ። ጉልበትዎን ሌሊቱን ሙሉ ሲያምዎት እንዳደረ ሰምቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ አልልም፣ ዕድሜ ይስጥልኝ ነው የምለው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «እናትህ ምን አለች?» ነው። እውነቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያገኘችው እኔን አይደለም። አልፋኝ ሄዳ እህቴን በነጠላዋ ጫፍ መታቻት። «ፈቃድ አልሰጡትም አልሽኝ! ጠዋትም አልሽኝ!» ከዚያ በኋላ ነው ወደኔ የዞረችው። የቀረውን አልጽፈውም። ያያችሁት አይታችኋል።

ዕለቱ ደንጌሳት ነበር፣ የጎመን ክትፎ የሚበላበት የሴቶች ቀን። ከእርዱ በፊት ሴቶቹ የሚያምሩበት ቀን ይኸው ነው። ቤቱ ታድሶ፣ ወለሉ ላይ አዲስ የጅባ ምንጣፍ ተነጥፏል። ዋልታው ላይ የተንጠለጠለው ሸክላ ሁሉ ታጥቦ ያበራል። ጎመኑ ተቀቅሎ፣ ውኃው እስኪወጣ ተጨምቆ፣ እንደ ዱቄት እስኪደቅ ተከትፏል። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ቅቤ ቀልጦ ሲፈስበት ሽታው ጀፎረው ድረስ ይወጣል። እማዬ እንባዋን ሳትጠርግ የኮባ ቅጠል በጣባ ላይ አነጠፈች፣ ጎመኑን አደረገችበት፣ አይቡን አጠገቡ፣ ቆጮውን ቆርሳ በላዩ። የቀንድ ማንኪያውን እጄ ላይ አስቀመጠች። «ብላ» አለችኝ። ፓርኪንግ ቤት ውስጥ በማይክሮዌቭ ሳሞቅ የኖርኩት ሁሉ ትዝ አለኝና ሳልጨርስ አልተነሳሁም።

ለካ ለወትሮም የኔን ድርሻ ቅቤ ለብቻው ታስቀምጥ ነበር። በበዓሉ ማግሥት ለመንገደኛ ትሰጠዋለች አለችኝ አክስቴ። ያንን ቅቤ ስትበሉ የኖራችሁ መንገደኞች፣ ዘንድሮ አልደረሳችሁም፤ ባለቤቱ መጥቷል።

አባታችን ካረፈ ወዲህ የበሬውን ነገር የያዘልን አጎቴ፣ ክፉ አይንካህ። እንግዳው ይበዛል ብለህ፣ እኔ እንደምመጣ ሳይነገርህ፣ ከፍ ያለ በሬ መግዛትህ እስካሁን ይገርመኛል። «ታውቅ ነበር እንዴ?» ስልህ ቢላህን ከመሳል አላቋረጥክም። የውጆ ማኅበርተኞች የእማዬ እናቶች፣ ተራችሁ ሳይደርስ ቅቤውን አስቀድማችሁ ስለሰጣችሁልን፣ አናቴም ላይ ሳትሰስቱ ስላደረጋችሁት ተባረኩ። ያ ቅቤ አውሮፕላን ላይ ድረስ አብሮኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ፈረንጅ ሦስቴ ዞረው አይተውኛል፣ እኔ ግን አልታጠብኩም። ለደመራው ምሽት ቆማችሁ የመረቃችሁኝ ሽማግሌዎች፣ አሜን ብዬ ተቀብዬ ወጥቻለሁ።

እማዬ አንድ ነገር አዛኛለች። ሁለተኛ ሳላሳውቅ እንዳልመጣ። «ለሬሳ እንኳ ይነገራል» ብላኛለች። ስለዚህ ለሚቀጥለው መስቀል የምትዋሹልኝ አልፈልግም፤ ሁላችሁንም ከወዲሁ ከሥራ አሰናብቻለሁ።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ አለች። ጣባና ጅባ ያዋሳችሁን ጎረቤቶች፣ እህቴ እየለየች እየመለሰች ነው። የተሰበረው የእማዬ የራሷ ነው፣ እሱን አትፈልጉ። ሁለት ጣባዎች ግን ባለቤታቸው አልታወቀም። አንዱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጎደል ያለ ነው፣ ሌላው አዲስ ነው። የኔ ነው የምትሉ ለእህቴ ደውሉላት። ልጁ ካነሳ ብስኩት ይጠይቃችኋል።